የወረደው ሥልጣን ሲመዘን፦ የሰሜን ሸዋ የወረዳና የቀበሌ አገልግሎት

ይህ ግምገማ መቀመጫው ደብረ ብርሃን ስለሆነው የአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ነው። ማዕከሉ ፍቼ የሆነው የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ በሌላ ክልል ሕግና በጀት ስለሚተዳደር እዚህ ውስጥ አልገባም። የተመዘነው አንድ ቢሮ ወይም አንድ ሹም አይደለም፤ ከፌዴራልና ከክልል ወደ ወረዳና ቀበሌ ወርዷል የተባለው ሥልጣን ነው። ባለጉዳይ መሬት ሲያስተላልፍ፣ ልጅ ሲያስመዘግብ፣ የመንደሩ ፓምፕ ሲበላሽ፣ የታመመ ይዞ ሲመጣ ነገሩ እዚያው ያልቃል ወይስ ወደ ላይ ይመራል?

መለኪያው ቀላል ነው፤ ነጥቡም ለየአገልግሎቱ ከ5 ተሰጥቷል። አንድ ጉዳይ ታች እንዲያልቅ የሚወስነው ሰው፣ ለሥራው የሚወጣው ገንዘብና ጉዳዩ የሰፈረበት መዝገብ አንድ ቤት መገናኘት አለባቸው። ሦስቱ አብረው የወረዱበት አገልግሎት ሰው ሳያንገላታ ይሠራል። አንዱ ላይ ከቀረ የሌሎቹ መውረድ ብዙም አይጠቅምም፤ ደጅ መጥናቱ አይቀርም።

በዚህ ዞን ነገሩ ከብዙ ቦታ ይልቅ ያስጨንቃል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ የክልሉ መቀመጫ ባሕር ዳር ግን በአዲስ አበባ በኩል ሲኬድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። «ክልል ሂድ» የተባለ የቡልጋ ገበሬ የአገሪቱን ዋና ከተማ አልፎ መሄድ አለበት። በዞኑ ውስጥም መንገዱ አይመችም። ከመርሐቤቴ ዓለም ከተማ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ለመግባት የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ነው፤ ከበረኸት ቆላ የሚመጣውም ዳገቱ ይጠብቀዋል። ወረዳ ላይ ባለቀና ወደ ላይ በተመራ ጉዳይ መካከል ያለው ልዩነት የመሳፈሪያ፣ የማደሪያና የባከነ የእርሻ ቀን ልዩነት ነው።

ማን ምን ይወስናል

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል፤ ዝርዝሩን ግን ለክልሎች ተወው። የአማራ ክልል በ1994 ሕገ መንግሥቱን ሲያሻሽል ወረዳው የራሱ ምክር ቤትና የአስተዳደር ምክር ቤት እንዲኖረው፣ ቀበሌውም ምክር ቤት፣ አስተዳደርና ማኅበራዊ ፍርድ ቤት እንዲኖረው አደረገ። በዚያው ዓመት አካባቢ ክልሉ ለወረዳዎች ጥቅል የበጀት ድጎማ በቀመር ማከፋፈል ጀመረ። ከዚያ በፊት የትምህርቱ በትምህርት ቢሮ፣ የጤናው በጤና ቢሮ በኩል ላይ ተሸንሽኖ ይመጣ ስለነበር ወረዳው የራሱን ቅደም ተከተል የሚያወጣበት ዕድል አልነበረውም። ጥቅል ድጎማ ማለት ወረዳው የተመደበለትን ገንዘብ በምክር ቤቱ ለየዘርፉ ይደለድላል ማለት ነው። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው፤ መካድ አይገባም።

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። በ1958 ለአውራጃዎች ራስን የማስተዳደር ሥልጣን የሚሰጥ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ፓርላማው ስላልደገፈው ሳይሠራበት ቀረ። በ1967 የመሬት አዋጅ ደግሞ በ800 ሄክታር፣ ማለትም በ20 ጋሻ ስፋት የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። የዛሬው የገጠር ቀበሌ ሥሩ እዚያ ነው፤ መንዝም ሆነ ሞረት ሽማግሌዎች እስካሁን ቀበሌውን «ገበሬ ማኅበር» ነው የሚሉት። ማኅበሩ የተቋቋመው መሬት ለማከፋፈል ስለነበር የመሬት ነገር ከጥንቱም ታች ነበር። ዛሬም የተሻለ የሚሠራው እሱ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም።

ብዙ ባለጉዳይ የሚሳሳተው ስለ ዞን ነው። በአማራ ክልል የተመረጠ ምክር ቤት ያላቸው ዞኖች የብሔረሰብ ዞኖቹ ናቸው፦ አዊ፣ ዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን። ሰሜን ሸዋ የክልሉ ቅርንጫፍ ነው፤ የሚመረጥ ምክር ቤት የለውም፣ የወረዳን በጀትም አያጸድቅም። ሥራው መከታተል፣ መደገፍና ማስተባበር ነው። ስለዚህ ወረዳው ጨርሶ ያላየውን ጉዳይ ይዞ ዞን መሄድ ልፋት ነው፤ የሚገኘው መልስ «ለወረዳው፦ ጉዳዩን አይታችሁ ምላሽ እንድትሰጡበት» የሚል ሸኚ ደብዳቤ ነው። ዞን የሚጠቅመው ወረዳው በጽሑፍ እንቢ ሲል ወይም ጉዳዩ ሁለት ወረዳ ሲነካ ነው፤ ለምሳሌ የምንጩ ራስ አንዱ ወረዳ፣ ጠጪው ሌላው ወረዳ ሲሆን።

የመሬት ደብተር፦ ከ5 4

በዞኑ ካሉት የወረዱ አገልግሎቶች ምርጡ ይህ ነው። ክልሉ የገጠር መሬትን በ1990ዎቹ አጋማሽ መመዝገብ ጀመረ፤ አረንጓዴው ደብተርም ያኔ መጣ። ደብተሩን ገልጦ ማየት ይበቃል። የባልና የሚስት ስምና ፎቶ ጎን ለጎን አለ። ከዚያ ማሳው በየተራ ይዘረዘራል፦ የቦታው ስም፣ ስፋቱ፣ ለምነቱ፣ በአራቱም አቅጣጫ ማን እንደሚያዋስነው። ሚስት ስሟና ፎቶዋ መግባቱ ብቻውን ብዙ ሙግት አስቀርቷል፤ ባል ብቻውን መሬቱን ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም።

የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ማሳው የማን እንደሆነ የሚመሰክሩት ከነዋሪው የተመረጡ የቀበሌ መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ አባላት ናቸው፤ ወሰኑን በዓይናቸው ያውቁታል። መዝገቡ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው። ወጪው ትንሽ ነው። ክርክር ከተነሣ ፍርድ ቤቱም ወረዳው ከተማ ነው። የወሳኙና የመዝገቡ ርቀት የአንድ ቀን መንገድ አይሞላም።

ጉድለቱ ከመጀመሪያው ልኬት ይነሣል። የመጀመሪያው ደረጃ ደብተር በገመድ የተለካ ነው፤ ካርታ የለውም። አዋሳኝ ተብሎ የተጻፈው ሰው ሲሞት ወይም መሬቱን ለልጁ ሲሰጥ «በምሥራቅ እከሌ» የሚለው ትርጉም ያጣል። ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ይህን ለማረም በአየር ፎቶ ላይ ተመሥርቶ ለእያንዳንዱ ማሳ ካርታና መለያ ቁጥር ይሰጣል። ልኬቱ ሲያልቅ ውጤቱ ቀበሌው ላይ ለሕዝብ ዕይታ ይለጠፋል። ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህን ቀን ነው። በዚያ ጊዜ የተገኘ ስሕተት በአንድ ቃል ይታረማል፤ ከተዘጋ በኋላ ግን ማመልከቻ፣ ምስክርና አንዳንዴም ፍርድ ቤት ይጠይቃል። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስምዎን ብቻ አይፈልጉ፤ ማሳዎችዎን ይቁጠሩ፣ የሚያዋስኑዎትንም ስም ያንብቡ።

ውርስ ሲሆን ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ከወረዳው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይወጣል። ቀጥሎ የቀበሌው የመሬት ባለሙያና ኮሚቴው ማሳው የሟች መሆኑን፣ ክርክርም እንደሌለበት ያረጋግጣሉ። ከዚያ ነባሩ ደብተር፣ የወራሾች መታወቂያ፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ፣ ጉርድ ፎቶና የመጨረሻው ዓመት የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ ደረሰኝ ተይዞ ወረዳ ይኬዳል። የተቃውሞ ማስታወቂያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ዝውውሩ ይመዘገባል። ፋይሉ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ በስም ልዩነት ነው፤ ደብተሩ ላይ የቤት ስም፣ መታወቂያው ላይ የመዝገብ ስም፣ ምስክሩ የሚያውቀው ደግሞ የክርስትና ስም ይሆናል። ፍርድ ቤቱ ጋ ሳይደርሱ ስሞቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን ከቀበሌ አጽፎ መያዝ ብዙ ምልልስ ያስቀራል። ሁለተኛው ሰበብ ወንድማማቾች በሽማግሌ ተከፋፍለው ሳያስመዘግቡ መቆየታቸው ነው። መሬቱ ላይ ሦስት አራሽ አለ፤ መዝገቡ ላይ ያለው ግን ከሞተ የቆየ አባት ነው። የተከፈለው ማሳ ሕጉ ከሚፈቅደው ዝቅተኛ ስፋት ካነሰ ደግሞ ጭራሽ አይመዘገብም፤ በጋራ ይዞታ ስም ማስገባት ይሻላል።

ሙሉውን ነጥብ ያልሰጠነው በዚህ ነው። ደብተር የመስጠቱ ሥራ በዘመቻ፣ በባለሙያና በፕሮጀክት ገንዘብ ተሠራ። መዝገቡን ከሕይወት ጋር እኩል ማራመዱ ግን ለወረዳው ቀረ፤ ወረዳው ደግሞ ለዚህ የሚሆን ተሽከርካሪና ሥራ ማስኬጃ በበቂ የለውም። ያልታደሰ መዝገብ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ከእውነቱ ይርቃል።

መሬታቸውን ለእኩል፣ ማለትም ምርቱን ከአራሹ ጋር ለመካፈል የሚሰጡ አቅመ ደካሞችና ባል የሌላቸው እናቶች ውላቸውን በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ። ያልተመዘገበ የእኩል ስምምነት ከዓመታት በኋላ አራሹ «የእኔ ነው» ሲል መልስ የለውም። በ2016 የወጣው አዲሱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝን ስለፈቀደ የተመዘገበና የታደሰ ይዞታ ጥቅሙ ከፊት ይልቅ ጨምሯል።

ደብረ ብርሃን ስትሰፋ ከአጎራባቹ ባሶና ወራና ወረዳ ወደ ከተማ የሚካለሉ ቀበሌዎች ነገር የተለየ ነው። እዚያ ፋይሉ ከወረዳ ወደ ከተማ አስተዳደር ይዛወራል፤ በዝውውሩ መካከል ባለቤት ያጣል። ወረዳው «አስረክበናል» ይላል፣ ከተማው «አልደረሰንም» ይላል። የደብተሩን እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጎ በወረዳው ማኅተም ማረጋገጥ የሚገባው መካለሉ ከመፈጸሙ በፊት ነው።

ልደት፣ ጋብቻ፣ ሞት፦ ከ5 3

ወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በአገር ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፤ የመዝጋቢውም ቦታ ቀበሌ ነው። ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። ለልደት ጤና ጣቢያው የሚሰጠውን የልደት ማሳወቂያ ወረቀትና የወላጆችን መታወቂያ ይዞ መሄድ ይበቃል። ጊዜው ካለፈ ምዝገባው የዘገየ ስለሚባል ተጨማሪ ማስረጃና ምስክር ይጠየቃል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ወይም ፓስፖርት ሲፈልግ ነው ብዙ ወላጅ የሚነቃው።

ውሳኔው ታች ነው፣ መዝገቡም ታች ነው፤ የምስክር ወረቀቱ ግን ላይ ታትሞ ነው የሚመጣው። ሲያልቅ ቀበሌውም ወረዳውም ምንም ማድረግ አይችልም። የተመዘገበ ልጅ «ወረቀት አልመጣም» እየተባለ የሚመላለሰው ለዚህ ነው። የገጠር ቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ምዝገባውን ከሌላው ሥራው ጋር ደርቦ ስለሚይዘው ደግሞ ወረዳ ለስብሰባ ከተጠራ ቢሮው ይዘጋል። ምዝገባው ከተደረገ የመዝገቡን ቁጥርና ቀን በወረቀት ላይ አጽፎ መያዝ ይገባል፤ የምስክር ወረቀቱ የመጣ ዕለት ጉዳዩ ከእንደገና እንዳይጀመር የሚያደርገው ያ ቁጥር ነው።

የቀበሌ መታወቂያ አሁንም የሁሉ በር መክፈቻ ነው። ፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ በ2015 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፤ ማንነትን ያረጋግጣል፣ ነዋሪነትን ግን አይመሰክርም። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ቀበሌ የሚቀይር ሰው ከነባሩ ቀበሌ መሸኛ ሳይዝ አይነሣ። መሸኛው ክብ ማኅተም፣ የፈራሚው ቲተር (የስምና የኃላፊነት ማኅተም)፣ ቀንና የወጪ ቁጥር እንዳለው እዚያው ይመልከት፤ ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ተቀባዩ ቀበሌ ይመልሰዋል።

የመንደር ውኃና የወረዳ በጀት፦ ከ5 2

የሥልጣኑ መውረድ የሚፈተነው እዚህ ነው፤ የሚወድቀውም እዚህ ነው።

የእጅ ፓምፕ እንውሰድ። በገጠሩ የተለመደው አፍሪዴቭ የተሠራው መንደርተኛው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው፤ ለመፍታት አንድ መፍቻና የታችኛውን ቫልቭ ማውጫ መሣሪያ ይበቃሉ። እጀታው ብዙ ከተረገበ በኋላ ብቻ ውኃ የሚመጣ ከሆነ የታችኛው ቫልቭ ይዞ አይቆይም ማለት ነው፤ እየተረገበ ውኃው ከሳሳ ብዙ ጊዜ ያለቀው ዩ ሲል የሚባለው የጎማ ቀለበት ነው። ቀለበቱን መቀየር የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ነገር ፓምፑ ለወራት የሚቆመው ለምንድን ነው? ቀለበቱ ወረዳው መጋዘን ላይኖር ይችላል። ካለም ባለሙያው የሚሄድበት ነዳጅና ውሎ አበል ላይኖር ይችላል። የለም ከተባለ ደግሞ ግዢው በፕሮፎርማ፣ በግዢ ኮሚቴና የመሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ በጋራ በሚይዘው ፋይናንስ ፑል በኩል ያልፋል። ባለሙያው ወርዷል፣ ኃላፊነቱ ወርዷል፤ የቀለበቱ ገንዘብ አልወረደም።

ለዚህ መፍትሔው ታች አለ። የውኃ ተጠቃሚዎች ኮሚቴ የሚሰበስበውን ወርኃዊ መዋጮ በኮሚቴው ስም በተከፈተ ሒሳብ፣ በሦስት ሰው ፊርማ ያስቀምጥ። ገንዘቡ ሲጠራቀም አስቀድሞ ሊገዛ የሚገባው የጎማ ቀለበቶቹና የታችኛው ቫልቭ መለዋወጫ ነው፤ ፓምፑ ከተበላሸ በኋላ መግዛት ዘግይቷል። ኮሚቴው ውስጥ ሴቶች ካሉ መዋጮው በጊዜው ይሰበሰባል፤ እንስራ የሚሸከሙት እነሱ ናቸውና።

ከፓምፑ በስተጀርባ ያለው የበጀቱ አደረጃጀት ነው። የወረዳ በጀት ሦስት ቤት አለው፦ ደመወዝ፣ ሥራ ማስኬጃና ካፒታል። የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ሠራተኛው ደመወዝ የሚከፈለው ከወረዳ ስለሆነ ከድጎማው አብዛኛውን እሱ ይበላዋል። የደመወዝ ስኬሉን የሚወስነው ግን ወረዳ አይደለም። ወረዳ ያልወሰነውን ይከፍላል፤ ለሚወስነው ደግሞ የሚከፍለው አይተርፈውም። ወረዳው የሚሰበስበው ገቢም ድጎማው ሲሰላ ታሳቢ ስለሚደረግ ብዙ የሰበሰበ ወረዳ የልፋቱን ያህል አያገኝም። ይህ ቀመር ቢስተካከል ሌላው ሁሉ እየተከተለ የሚስተካከል ይመስለናል።

ከተሞቹ የተሻሉት ለዚህ ነው። ሸዋ ሮቢት፣ ዓለም ከተማ ወይም አረርቲ ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ አላቸው፤ የቦታ ኪራይ፣ ሊዝ፣ የገበያና የቄራ ክፍያ። ይህ ገቢ ለከተማው ራሱ ስለሚውል የውስጥ መንገድና የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ በዓመቱ ውስጥ ሲሠራ ይታያል። የገጠር ወረዳ እንዲህ ያለ ቤት የለውም።

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ምንጭ ይጎልብትልን፣ ድልድይ ይሠራልን የሚል ቀበሌ ጥያቄውን መስከረም ላይ ቢያቀርብ ድልድሉ አልቋል። መቅረብ ያለበት በበጋው፣ ዕቅድ በሚዘጋጅበት ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው፤ በቃል ሳይሆን በቀበሌ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ። ቃለ ጉባኤው ላይ የተጠቃሚው ቤተሰብ ብዛት፣ ሕዝቡ የሚያዋጣው ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት፣ ቦታው ከክርክር ነፃ መሆኑ ይጻፍ። ወረዳ ላይ ብዙ ጥያቄ የሚወድቀው ቦታው ላይ የሰው ይዞታ ስላለና ካሣው ስላልታሰበ ነው። የሚያዋጣ ሕዝብ ደግሞ ተከታታይ ቁጥር ያለው የመንግሥት ደረሰኝ ይቀበል፤ የተገዛ ሲሚንቶና ብረት ሞዴል 19 በሚባለው የንብረት መቀበያ ደረሰኝ ገቢ መሆኑን ኮሚቴው ያረጋግጥ።

በጀቱ ሲጸድቅ በወረዳውና በቀበሌው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ሲለጠፍ ጠቅላላውን ድምር ማየት ምንም አይነግርም። የውኃ ጽሕፈት ቤቱን የሥራ ማስኬጃ መስመር ይፈልጉና ለወረዳው ቀበሌዎች ቁጥር ያካፍሉት፤ ለአንድ ቀበሌ በዓመት ስንት ብር ነዳጅ እንደሚደርስ ያሳያል። ከዚያ በኋላ «ባለሙያው ለምን አልመጣም» የሚለው ጥያቄ ወደ ባለሙያው ሳይሆን ወደ ምክር ቤቱ ይሄዳል።

ሁሉ ነገር ይውረድ ማለት ግን አይደለም

ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሉበት የቀበሌ ጤና ኬላ ከ1995 ጀምሮ የተስፋፋ፣ ሥልጣንና ሙያ አብረው የወረዱበት ጥሩ አገልግሎት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ግን ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ2003 በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የሰፋው ይህ መድን ቋቱን፣ ማለትም የአባላቱ መዋጮ የሚጠራቀምበትን ገንዘብ፣ ለየወረዳው ለየብቻ አድርጎ ነው የተነሣው። የአንድ ወረዳ ቋት ጠባብ ነው። ወረርሽኝ ወይም ድርቅ በመጣ ዓመት ወጪው ከመዋጮው ይበልጥና ወረዳው ለሆስፒታሉ መክፈል ያቅተዋል፤ ሆስፒታሉ መድኃኒት መግዣ ያጣል፣ አባሉም «መድኃኒት የለም፣ ውጭ ግዛ» ይባላል። አደጋን የሚያካፍል ቋት ሰፊ መሆን አለበት። ምዝገባውና መዋጮ መክፈል የማይችሉት የድሃ ድሃዎች ልየታ ቀበሌ ይቅር፣ ቋቱ ወደ ዞን ወይም ወደ ክልል ይውጣ። ልየታው የጎረቤት ዓይን የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ የትም ቢሄድ ከቀበሌ የተሻለ አይሠራም።

አባል ለሆነ ሰው፦ የዓመቱ ክፍያ የሚሰበሰበው አዝመራ ከገባ በኋላ ነው፤ ያለፈበት ካርድ አይሠራም። ጤና ጣቢያውን ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ወጪው አይሸፈንለትም፤ የሪፈር ወረቀት ግድ ነው። ውጭ የተገዛ መድኃኒት እንዲመለስለት የሚፈልግም የሐኪሙን ማዘዣ ቅጂ፣ መድኃኒቱ እንደሌለ የሚገልጽ ማኅተምና ሕጋዊ ደረሰኝ አንድ ላይ ይያዝ። ለጤና መድን 3 ሰጥተነዋል።

ወንበሩና ወቅቱ

የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች መጨረሻ የተመረጡት በ2005 ነው። ከዚያ ወዲህ የአካባቢ ምርጫ አልተደረገም። በ2005 የተመረጠ የቀበሌ ምክር ቤት አባል ዛሬ ወይ ከቀበሌው ለቋል፣ ወይ ደክሟል፣ ወይ በሹመት በመጣ ሰው ተተክቷል። ሥልጣን ሲወርድ መራጩም አብሮ መውረድ ነበረበት፤ ወረዳው ተጠሪነቱ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ክፍተት ደብተርም ሰሌዳም አይሞላውም።

ከሐምሌ 2015 ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ ከላይ የተጻፈውን ሁሉ ከወረዳ ወረዳ፣ ከወር ወር ይለዋውጠዋል። አንዳንድ ቀበሌ ሥራ አስኪያጅ የለም፤ አንዳንዱ አገልግሎቱን ከወረዳው ከተማ ነው የሚሰጠው። ከመነሣትዎ በፊት ቢሮው ክፍት መሆኑን ከወረዳው ከተማ በሚመላለስ ነጋዴ ወይም ሾፌር ያጣሩ። የዞኑ ከተማ አጣዬ በ2013 የደረሰባት ቃጠሎ ያስተማረው ደግሞ መዝገብ አንድ ቦታ ብቻ መቀመጥ እንደሌለበት ነው። የደብተር፣ የልደት፣ የጋብቻና የወራሽነት ወረቀት ሁሉ በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ ቅጂውም ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ እጅ ይቀመጥ።

ሲከለከሉ

በቃል የተሰጠ እንቢታ ይግባኝ የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ማመልከቻን በሁለት ቅጂ ጽፎ ለመዝገብ ቤት ማስገባትና በራስ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ማስደረግ ነው። ማመልከቻው አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ፤ የመሬቱም የውኃውም የመንገዱም ተደባልቆ ከተጻፈ ለማን እንደሚመራ አይታወቅም፤ መዝገብ ቤት ይተኛል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር ያንብቡ። ለእያንዳንዱ አገልግሎት የሚያስፈልገው ማስረጃና የሚወስደው ጊዜ እዚያ ላይ አለ፤ ማመልከቻው ላይ ያን የጊዜ ገደብ ጠቅሶ መጻፍ ያስከብራል።

መልስ ካልተሰጠ ወደ ወረዳው ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ይኬዳል። ዞን የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የአስተዳደር በደል ከሆነ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይቻላል። የበጀት፣ የግዢ ወይም የልየታ ሰነድ የተከለከለ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። ጥያቄው «ስለ በጀት መረጃ» ከሚል ይልቅ «የ2017 በጀት ዓመት የውኃ ጽሕፈት ቤት የሥራ ማስኬጃ ድልድልና እስከ ሰኔ 30 የወጣው ወጪ» ተብሎ ቢጻፍ መሥሪያ ቤቱ የሚሸሽበት ቀዳዳ ይጠባል።